ርዕስ የሌለው ፎቅ

ድሮ ሪፖርት ይነበብ ነበር፤ አሁን ይታያል። መቼ እንደተቀየረ አልነገሩንም እንጂ ተቀይሯል። ጤና ጣቢያ ብትሄዱ ግድግዳው ላይ ወጣ ገባ የሚል መስመር ተለጥፏል፤ ለወላጆች ስብሰባ ትምህርት ቤት ብትሄዱ ርዕሰ መምህሩ ገና እንደምን አደራችሁ ሳይሉ በቀለም የተሸነሸነ ክብ ያሳዩዋችኋል። እኛም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ገብቶን ነው እንዳትሉ። ያልነቀነቀ ሰው ይጠየቃል ብለን ነው።

እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ግን ያምራል፤ በዚህ ጥፋቴ እዚሁ ቡራዩ ያለው የሰፈራችን እድር ጸሐፊ አድርጎ ከመረጠኝ ብዙ ዓመት ሆነ። የእድራችን ችግር ደግሞ አንድ ነው፤ ድንኳን ተካይ። ሰው ሲሞት ጥሩንባው ለአርባ አባወራ ይነፋል፣ የድንኳኑን ብረት ሊሸከም የሚመጣው አራት ሰው ነው። ከአራቱ አንዱ ባለቤቴ ነው፤ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ወገቡን ይዞ ከለቅሶ ቤት ሲመለስ ብታዩት ሟቹ እሱ ይመስላችኋል። ወገቡን በቅባት የማሸው ደግሞ እኔ። እንግዲህ ለጠቅላላ ጉባኤው ሪፖርት አዘጋጂ ስባል በልቤ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚቀሩት አፍረው ይምጡ፣ የባለቤቴ ወገብ ይረፍ።

ሊቀመንበራችን ጋሽ ታደሰ ግን "በጽሑፍ ዛሬ ማን ይሰማል? ግራፍ ይሁን፣ በባነር ይታተም" አሉ።

ልጄ ቤዛ አዲስ አበባ ቢሮ ትሠራለች፤ ግራፍ ለእሷ ጨዋታ ነው። መጀመሪያ ክቡን ሠራች። አርባ አባወራ በአርባ ቀለም ተቆርጦ የጥምቀት ጃንጥላ መሰለ።

"ያምራል" አልኳት።

"ያምራል እንጂ አይነበብም" ብላ አጠፋችው።

ቀጥላ መስመሩን አመጣች፤ ከአንዱ ስም ወደ ሌላው እየወጣ እየወረደ የሚሄድ፣ ቁርጥ የወጨጫ ተራራ።

"ይሄ መስመር ከእትዬ እታገኝ ተነስቶ ኦቦ ገመቹ ጋ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ሴትዮዋ ባል የላትም፣ ሰፈሩን ደግሞ ታውቂዋለሽ።"

ቤዛ እስክታለቅስ ሳቀች። "እውነትሽን ነው እማ። መስመር ከወር ወር የሚለዋወጥ ነገር ሲኖር ነው እንጂ ሰውን ከሰው አያገናኙበትም።"

በሦስተኛው ለእያንዳንዱ አባወራ ፎቅ ሠራችለት። ብዙ የቀረ ረጅም ፎቅ፣ ያልቀረ ባዶ መሬት። ከላይ በደማቁ "ከድንኳን ተከላ የቀሩበት ቀን ብዛት" ብላ ጻፈች፤ ረጃጅሞቹንም ቀይ ቀባቻቸው። ከሁሉም የረዘመው የኦቦ ገመቹ ነበር። ኦቦ ገመቹ ብረታ ብረት ቤት ያላቸው፣ ትከሻቸው በር የሚያህል ጎረቤታችን ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ካስማ ነክተው አያውቁም።

እዚህ ላይ ክፉ ልቤ ራራ። ጾም ነበር፤ በጾም ሰው በባነር ላሳፍር?

"ርዕሱን አውጪው" አልኳት። "የቀረ ሰው ራሱን ያውቃል። ቀዩንም አረንጓዴ አድርጊው፤ ቀይ ቁጣ ይመስላል።"

"እማ፣ ርዕስ የሌለው ግራፍ እኮ ምንም አይናገርም!"

"ዝም ቢል ምን አለበት?"

ዝም አላለም።

እሑድ ባነሩ ተሰቀለ። የኦቦ ገመቹ አረንጓዴ ፎቅ ጣሪያውን ሊነካ ደርሷል። ሰዉ ትንሽ አየ፣ አየና ከኋላ አንዱ አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም። ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ስለነበር ግራፉን ሳይሆን ጭብጨባውን አይተው "ኦቦ ገመቹ፣ ይነሱ እስቲ!" አሉ።

ኦቦ ገመቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተነሱ። "ገለቶማ! አመሰግናለሁ! እኔ ያደረግኩት እኮ ትንሽ ነው።"

"እውነታቸውን ነው" አለ ባለቤቴ ከጎኔ።

"አንድ ቀን ብረቱን እንዲጭኑበት ፒካፔን ሰጥቻለሁ። ይህን ያህል ይቆጠራል ብዬ አላሰብኩም። ከእንግዲህማ በዚሁ እበረታለሁ!"

ከኋላችን የተቀመጠ ሰው ደግሞ የባለቤቴን ስም ፈልጎ አገኘው፤ በላዩ ላይ ምንም የለም። ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "አይዞህ ወንድሜ፣ ለከርሞ ትበረታለህ" አለው።

እኔስ? ተነስቼ "ተሳስታችኋል" ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። እጄ ግን እያጨበጨበ ነው። በኋላ ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ከልለው ስገጂ አሉኝ፤ ስንት እንደሆነ ግን በግራፍ አላሳዩኝም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ስሙኝ። ኦቦ ገመቹ ከአንድም ለቅሶ አልቀሩም። ጥሩንባው ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ እሳቸው ብረት ተሸክመዋል። ሁለት ሰው የሚያነሳውን ምሰሶ ብቻቸውን አንስተው፣ ያላየ ካለ ይይ ብለው ዞር ዞር ይላሉ። የባለቤቴም ወገብ ተቃና። ተቃናና ቤት ዋለ። "ገመቹ አለ አይደል?" ይለኛል፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ።

ዓመቱ ዞረ። ቤዛ ግራፉን በአምናው ዓይነት ሠራችው፤ ርዕሱንም እንደ አምናው አስወጣኋት። አንዴ ሠርቶልኛላ! ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ኦቦ ገመቹ የእድሩን ገመድ ሊመልሱ ገቡና ዓይናቸው አረፈበት። ስማቸውን በጣታቸው ፈለጉ። በላዩ ላይ ምንም የለም።

"እትዬ አስካለ! ማል በሌሴ? ምን አጠፋሁ? አምና በአንድ ፒካፕ ፎቅ ሰጣችሁኝ፤ ዘንድሮ በትከሻዬ ተሸክሜ ባዶ መሬት?"

ድምፃቸው ሊሰበር ምንም አልቀረው። መዋሸት አልፈለግኩም፤ እውነቱን ብናገር ደግሞ የአምናው ጭብጨባ ሊፈርስባቸው ነው። ያዳነችኝ ቤዛ ናት።

"ኦቦ ገመቹ፣ ገና ተሠርቶ አላለቀም" አለችና ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ የቀሩበትን ትታ ሁሉም የመጡበትን ቀን ትቆጥር ጀመር። የሳቸው ፎቅ ዓይናችን እያየ ተመዘዘ። በዚህኛው ግን እኔን ሳታማክር፣ ከዳር እስከ ዳር በደማቁ፣ "በድንኳን ተከላ የተገኙበት ቀን ብዛት" ብላ ጻፈችበት። ኦቦ ገመቹ ደጋግመው መርቀውን ወጡ።

ባለቤቴ ከሶፋው ተነሳ። መነጽሩን አድርጎ ርዕሱን ሁለቴ አነበበ። የኦቦ ገመቹን ፎቅ ሽቅብ አየ፤ ከዚያ ወደ ታች ወርዶ በራሱ ስም ላይ የበቀለችውን፣ ከደፍ የማትበልጥ አረንጓዴ ነገር አየ።

"አስካለ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "የአምናው ግራፍ ምን ጎድሎት ነበር?"