ውሃው እስኪድን

ኩልል ያለ ውሃ አይቶ የማይታለል ሰው አለ? የደፈረሰውን ማንም ይጠረጥረዋል፤ ያጠልለዋል፣ ያፈላዋል፣ ካልሆነም ይደፋዋል። ኩልል ያለውን ግን አምኖ ይጎነጫል። እኔ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና ንጹሑ የትኛው ነው ብዬ ልጆቹን እጠይቃለሁ። ሁለቱም ኩልል ያሉ ናቸው፤ በአንደኛው ውስጥ ግን የማይጠጣ ነገር አሟሙቻለሁ። ልጆቹ ሲሳሳቱ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! ይብላኝ ለኔ።

በላስታ ውሃ ቢያንስም ክብሩ አላነሰም። ነአኩቶ ለአብ ገዳም ብትሄዱ ከዋሻው ጣራ ጠብ የምትለውን በድንጋይ ገንዳ ተቀብሎ ስንቱ ይድንባታል። እኔ ግን ለዚህ አገር የጎደለው ባሕር ነው አልኩና ባሕር አመጣሁ። አትሳቁ። እዚሁ ላሊበላ አንድ ሎጅ እንግዳ ጠፍቶበት ሲዘጋ፣ በመቀበያ ክፍሉ የነበረው የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ፣ ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሰው ይያዘው ተባለና ከነነፍሱ ሳሎኔ ገባ። ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች፣ ድንጋይ ላይ እንደ አበባ የሚከፈቱና የሚዘጉ ኮራሎች፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች፣ እንዲሁም ረጃጅም ነጭ ጢምና ብዙ እግር ያለው፣ ሽሪምፕ የሚሉት አንድ ቀይ የባሕር ፍጥረት። ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ። መጀመሪያ ለጾም ይበላል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ቀጥለው ታዲያ ምን ያደርግልሃል አሉኝ።  ለሁለተኛው መልሱን የሰጡልኝ አባባ ናቸው።

አባታችን እንጨት ጠራቢ ነበሩ። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ያዘና አልጋ ላይ አዋላቸው፤ አንደበታቸውንም ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ምግብ እምቢ አሉ። የምታስታምማቸው እህቴ ዘነቡ ነበረች፤ ትለምናለች፣ ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። በኋላ ሰው እያዩ ይዋሉ ብለን አልጋቸውን ሳሎን አወጣነው። ሽሪምፑ በመስተዋቱ ጥግ ቆሞ ጢሙን ግራ ቀኝ ሲያወዛውዝ፣ አባባ ደኅናውን እጃቸውን አነሡና አብረውት አወዛወዙ። ዘነቡ ልክ ማሕሌት እንደቆመ ሰው ነው ብላ ሽሪምፑን ደብተራው አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጉርሻ ለሳቸው፣ ቁንጥር ለደብተራው ሆነ። ደብተራው ካልበላ እሳቸውም አይበሉም። እንግዲህ ያ ገንዳ ለኔ ጌጥ መሆኑ ቀረ፤ አባባ በሕይወት የሚቆዩበት ነገር ሆነ። ከዚያ በኋላ ፈራሁለት።

የጨው ውሃ አያያዝ እንደ አራስ ነው፤ ጨዉ በዛ አነሰ፣ ሙቀቱ ወጣ ወረደ፣ መብራት ሄደ መጣ እያሉ መጨነቅ ነው። ከአዲስ አበባ የሚላክልኝን የባሕር ጨው በተጣራ ውሃ እበጠብጥና በሰማያዊ በርሜል አሳድረዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገንዳው ጥቂት ቀድቼ እደፋና ከበርሜሉ እተካለሁ። አንድ ጊዜ የበርሜሉ የፕላስቲክ ቧንቧ ተሰንጥቆ ያንጠባጥብ ጀመር። ወልድያ ለስብሰባ ስሄድ መኪናችን ለምሳ ጋሸና ቆመ፤ ከምግብ ቤቱ አጠገብ ካለ ሱቅ አዲስ ቧንቧ ገዛሁ። ከባድ፣ ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ። ሻጩ ሰው ያልቃል እንጂ ይሄ አያልቅም፣ ዕድሜ ልክህን አንዲት ጠብታ አታይም ብሎ ማለልኝ። ወስጄ ገጠምኩት፤ እውነትም ቀጥ አለ።

ቤቱን በሕግ ነበር የማስተዳድረው። ቅቤ የነካ እጅ ወደ ገንዳው አይጠጋም። ቀለበት፣ ሳንቲም፣ ቁልፍ አይቀርብም። ከሁሉ በላይ መዳብ! መዳብን ዓሣው ሊችለው ይችላል፤ አጥንት የሌላቸው፣ እነ ደብተራው፣ እነ ቀንድ አውጣ፣ እነ ኮራል ግን በጥቂቱ ያልቃሉ። ነሐስም ቢሆን ከዚንክ ጋር ተጋብቶ ስሙን የለወጠ መዳብ ነው እያልኩ ዘነቡን እንደ ተማሪ አስጠናኋት። ምስኪን፣ በቃሏ ትወጣው ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቀንድ አውጣዎቹ ከመስተዋቱ እየተላቀቁ ወደቁ። ኮራሎቹ ተጨብጠው ቀሩ። ደብተራው ከድንጋይ ሥር ገብቶ መወዛወዙን ተወ። አሞኒያውን ለካሁ፣ ደኅና። ጨዉን ለካሁ፣ ደኅና። የመዳብ መመርመሪያ ግን አልነበረኝም፤ አዲስ አበባ ላለ የቀድሞ ተማሪዬ ደውዬ ላክልኝ አልኩት። ውሃው ኩልል እንዳለ ነው። እንግዲህ ሰው መጠርጠር ጀመርኩ።

ዘነቡን ጠይቄ ጠይቄ አናዘዝኳት። ለካ እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሰንበት አባባን ሊጠይቁ መጥተዋል። ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ፣ አባባ በደኅና እጃቸው ወደ ገንዳው ሲጠቁሙ ጊዜ፣ ይሄም ፍጥረት ነው ብለው መስቀላቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ባርከውታል። ዘነቡ ስለ መስቀሉ ሌላም ነገር ልትል ጀምራ ነበር። ማን ያስጨርሳታል! የአባን መስቀል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሳለመው አድጌ የለም? ቢጫ ነሐስ። ሌባው ተያዘ!

አባን ከቅዳሴ ሲወጡ መንገድ ላይ ጠበቅኋቸው። በአክብሮት ነው የተናገርኩት፤ አንቱታውም አልጎደለም። ስለ መዳብ፣ ስለ ነሐስ፣ አጥንት ስለሌለው ፍጥረት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማርኳቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው በትዕግሥት ሰሙኝ። ሲያበቃ እንዲህ ብቻ አሉ፦

"እንግዲህ ውሃው እስኪድን አልምጣ ማለት ነው፣ ልጄ?"

"አዎ አባ፣ ውሃው እስኪድን።"

ይሁን፣ ካስፈለግሁ ላክብኝ አሉኝ። ሊያሳልሙኝ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መንገድ ጀምሬ ነበር። ቸኩያለሁ፤ የምለውጠው ውሃ አለኝ።

ለወጥኩታ! በሳምንት አንዴ የነበረውን ሁለቴ አደረግሁት፣ ከዚያም በየቀኑ። በርሜሉን እሞላለሁ፣ አሳድራለሁ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ወደ ገንዳው እገለብጣለሁ። በለወጥኩ ቁጥር የባሰ ይሞታል። የባሰ ሲሞት የባሰ እለውጣለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ደብተራው በጎኑ ተኝቶ ተገኘ። አባባ ሳያዩ በጭልፋ አወጣሁት ብዬ ነበር፤ ለካ አይተዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አፋቸውን ለጉርሻ አልከፈቱም።

ብቻ ደኅና እጃቸውን እያነሡ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ግራ ቀኝ ያደርጋሉ። ደግመው ደጋግመው። ዘነቡ አባን ፈልገው ነው፣ ሂድና ጥራቸው አለችኝ። ደብተራውን ፈልገው ነው እንጂ፣ ግራ ቀኝ ሲሉ አታይም ወይ አልኳት።

"ወደ ላይ ወደ ታቹስ?" አለችኝ።

ድካም ነው አልኳት። ውሃው ይዳን እንጂ ሌላ ደብተራ አስመጣለሁ፣ አባንም ያኔ እጠራለሁ፣ ነገ ከነገ ወዲያ አልኩ። ሐሙስ ጠዋት የበርሜሉን ቧንቧ ከፍቼ ባልዲ ስሞላ ዘነቡ ከሳሎን ጮኸች። አባባ አልፈዋል፤ የንስሐ አባታቸውን ሳያዩ፣ ሳይቆርቡ። ባልዲው ሞልቶ እግሬ ላይ ሲፈስ ቆሜ እሰማለሁ።

ግቢው በሰው ሲሞላ አባ መጡ። ሌላው ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሲገባ እሳቸው ከበሩ ላይ ቆሙ። ሄድኩ። ያሾፉብኝ እንዳይመስላችሁ፤ አባ ማሾፍ አያውቁም፤ ቃል ስለገቡ ነው።

"ልጄ፣ ውሃው ዳነ? ልግባ?"

 ጎንበስ አልኩ። መስቀላቸውን አወጡና ግንባሬን፣ ከዚያ ከንፈሬን አስነኩኝ። የጠበቅሁት የብረት ቅዝቃዜ ነበር። አልቀዘቀዘም። ቀና ብዬ አየሁት፤ እንጨት ነው። የነሐሱ የት ሄደ አልኳቸው።

"እሱማ በጦርነቱ ጊዜ ጠፋ። ይሄን አባትህ ከወይራ ጠርበው ነው የሰጡኝ፣ አንተ ሙጃ ከተማ ሄደህ ስታስተምር።"

ማታ ሰው ሲቀልልን ወደ በርሜሉ ሄድኩ። የቧንቧው አንገት ዙሪያውን አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። ያንን አረንጓዴ አውቀዋለሁ፤ መዳብን ጨው ሲበላው ምን ይሆናል ብዬ በየዓመቱ ለፈተና አወጣዋለሁ። የመዳብ መመርመሪያው የደረሰኝ አባባ አርባቸው ሲወጣ ነው። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፤ አንዱ አባ ለአርባው ያመጡት ጠበል፣ አንዱ ከበርሜሉ የተቀዳ። ሁለቱም ኩልል ያሉ ናቸው። መመርመሪያውን ጨመርኩ። ጠበሉ እንደ ነበረ ቀረ፤ የኔው ጠቆረ።

ሁለቱ ዓሦች ምንም አልሆኑም፤ ወፍረዋል። ዘነቡ ከኔ ጋር የምታወራው ለሥራ ብቻ ነው። የጋሸናውን ሰውዬ ግን በሐሰት አልማለም ብዬ እመሰክርለታለሁ፤ ቧንቧው እስካወለቅሁት ቀን ድረስ አንዲት ጠብታ አላንጠባጠበም።