አንቱ የተባለው አህያ

ጠጋ በሉና ስሙኝ፣ ተረቴን ልጀምር። እንስሳት ከተማ ቆርቁረው በሚኖሩበት ዘመን፣ በሁለት ታላላቅ ወንዞች መካከል በጭቃ ጡብ በተሠራች ከተማ አንድ አንበሳ ነግሦ ነበር። አያ አህዮ የሚባል አህያ ደግሞ ከወንዙ ውኃ እያመላለሰ የንጉሡን አትክልት ያጠጣ ነበር። ከሚስቱ ከእመት አህዪት ጋር ከቴምር ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ማለት ከቻለ ሌላ ምኞት አልነበረውም።

አንድ ቀን ፀሐይ በቀትር ጨለመች። ኮከብ ቆጣሪው ቀበሮ ሮጦ መጥቶ ከአንበሳው እግር ሥር ወደቀ።

«ጃንሆይ፣ ሰማዩ የንጉሥ ሞት ያሳያል። ግን መላ አለው። እርስዎ ይደበቁ፣ ለሰባት ቀን ሌላ እናንግሥ። በሰባተኛው ቀን እሱን እናርደውና ሞቱ በእሱ ያልፋል።»

«ማን ይሻላል?»

«ለምን ብሎ የማይጠይቅ።»

ሁለቱም በመስኮቱ ወደ አትክልቱ ቦታ ተመለከቱ።

ዘውዱ በአያ አህዮ ጆሮዎች አልገባ ብሎ አስቸገረ፤ በገመድ አሰሩለት። ነገሩን የሰማችው እመት አህዪት ወደ ቤተ መንግሥቱ አጥር ሮጠች።

«አንተ ሞኝ፣ ሊያርዱህ እኮ ነው! ና እንሽሽ!»

«የዙፋኑ ትራስ እንዴት እንደሚመች ብታዪ» አላት አያ አህዮ።

እሷ ከአጥሩ ሥር እህል ሳትቀምስ ሰነበተች። በስድስተኛው ቀን አንበሳው በተደበቀበት ጓዳ የፈላ መረቅ ቀረበለት። ችኩል ነበርና ፉት ሲል ትን አለው፤ እዚያው ክልትው አለ።

መኳንንቱ ተደናግጠው ተሰበሰቡ።

«ሰማዩ ንጉሥ ይሞታል አለ፤ ሞተ» አለ ቀበሮ ጉሮሮውን እየጠረገ።

«ታዲያ አሁን ንጉሣችን ማን ነው?» አለ ጅብ።

«ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሁሉ አንበሳ ነው።» ቀበሮ ወደ አያ አህዮ ዞሮ መሬት ሳመ። «ጃንሆይ፣ ምን ያዝዛሉ?»

አያ አህዮ በዕድሜው አንቱ ተብሎ አያውቅም። ደስታው ከጆሮው እስከ ጭራው ነዘረው።

እመት አህዪት እልል እያለች ልትገባ ስትል ዘበኞቹ «የአንበሳ ሚስት አህያ አትሆንም» ብለው መለሷት። አያ አህዮ ድምፅዋን ሰምቷል፤ ግን ትራሱን አስተካክሎ ተቀመጠ።

ሃያ አራት ዓመት ገዛ። ሲያናፋ መኳንንቱ «አቤት ግሣት!» ይሉ ነበር። ታላቅ ግንብም አሠራ፤ ጸሐፊዎቹ ወፎች በእያንዳንዱ እርጥብ ጡብ ላይ «አንበሳ፣ የአንበሳ ልጅ» ብለው በጥፍራቸው ጻፉ። ጡቡን የሚሸከሙት አህዮች ነበሩ፤ እመት አህዪትም አንዷ ነበረች።

አንድ ቀን ንጉሡ ግንቡን ሊጎበኝ መጣ። አርጅቶ፣ ዘውዱ ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ ነበር። እመት አህዪት ከነሸክሟ ቀረብ አለችው።

«አንተ፣ ከሳህ እኮ!»

ጅብ ጅራፉን አነሣ። ንጉሡ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ፣ «ይህች አህያ አንቱ ማለት አልተማረችም?» አለ።

እመት አህዪት ትክ ብላ አየችው።

«ይቅር ይበሉኝ ጃንሆይ» አለች ሸክሟን እያመቻቸች፤ «ባለቤቴን መስለውኝ ነው። እሱ እንኳ አህያ ነበር።»