ሃያ ጥይት ለአንድ አጋዘን

ኦሪን፦ እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ይሄ የአሳማ መኖ ነው።

ዴልማር፦ መኖ አይደለም አልኩህ። ቀለሃ ማጽጃ ነው።

ኦሪን፦ የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ እኮ ነው። አሳማዎቼ ሲበሉት ነው የሚውሉት።

ዴልማር፦ እንግዲያው አሳማዎችህ ማጽጃ ሲበሉ ኖረዋል ማለት ነው።

ኦሪን፦ ታዲያ አንዱም እስከ ዛሬ ሲያበራ አላየሁ።

(ዴልማር የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢኖርም እሱ አያውቀውም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የአጋዘን አደን ፈቃድ እጣ ሲሞላ ኖሮ ዘንድሮ ወጣለት። ሁለተኛ ይወጣልኛል ብሎ የሚጠብቅበት ዕድሜ ላይም አይደለም። አደኑ የሚከፈተው ነገ ጎህ ሲቀድ ነው። «ይህን አጋዘንማ በሱቅ ጥይት አልመታውም» ብሎ ያለውን ጥይት ሁሉ ለእህቱ ልጅ ሰጠና፣ የተተኮሰ ቀለሃ መልሶ የሚሞላበትን መሣሪያ ትናንት ገዝቶ መጣ። ጎረቤቱ ኦሪን ደግሞ ነገር ቶሎ የማይገባው ሰው ነው፤ የሠፈሩ ሐሜት እሱ ጋ የሚደርሰው የሚታማው ሰው ከተቀበረ በኋላ ነው ይባላል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። መኪና ማሳደሪያው ውስጥ ሃያ ቀለሃዎች ቆረቆንዳ በሞላው፣ በኤሌክትሪክ በሚንቀጠቀጥ ገንዳ ውስጥ ይንኳኳሉ።)

ዴልማር፦ ስማኝ። ቀለሃውን እናጸዳለን፣ በመጭመቂያው ቅርጹን እናስተካክላለን፣ ከታች መለኮሻውን፣ ከላይ ባሩዱን፣ በመጨረሻ አረሩን። እስከ ምሳ አለቀ።

ኦሪን፦ አጋዘኑ ጋ የሚደርሰው የትኛው ነው?

ዴልማር፦ አረሩ ነዋ። ቀለሃው እግርህ ሥር ይወድቃል።

ኦሪን፦ እና የሚወድቀውን አጥበን የሚሄደውን ሳናጥብ ልንልከው ነው?

(ዴልማር ይህን አላሰበበትም። አለማሰቡን ግን ለኦሪን ከማሳየት ጣቱን ቢቆርጡት ይመርጣል።)

ዴልማር፦ እሱማ ቀጣዩ ሥራ ነው። አንተ ቸኮልክ።

(ሃያውን አረር አንድ በአንድ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። እግረ መንገዱን የአረሩ መዳብ ለምን እንደሚጠቁር ያስረዳል። አምስት ሰዓት ሆነ።)

ኦሪን፦ (ቋንጣ እያኘከ) ይሄ መጭመቂያ ጠረጴዛው ላይ የታሰረው ለምንድነው? ይሸሻል?

ዴልማር፦ እጀታውን ስትጫነው ኃይል አለው። ካልታሰረ ተነቅሎ ይመጣል።

ኦሪን፦ ጠረጴዛውስ?

ዴልማር፦ ከግድግዳው ጋር ታስሯል።

ኦሪን፦ ግድግዳውስ?

ዴልማር፦ ከቤቱ ጋር ነዋ።

ኦሪን፦ ቤቱስ?

(ዴልማር ባትሪ ይዞ ወጣ። ቤቱን ዞሮ፣ ከወለሉ ሥር ገብቶ፣ ጉልበቱ ላይ ጭቃ ይዞ ተመለሰ።)

ዴልማር፦ ይይዛል።

ኦሪን፦ ተመስገን።

ዴልማር፦ አሁን ልብ በል። ቀለሃው ወደ መጭመቂያው ከመግባቱ በፊት ቅባት ይነካዋል።

ኦሪን፦ ባይነካውስ?

ዴልማር፦ ይቀረቀራል። ከተቀረቀረ ደግሞ አትጠይቀኝ፤ ቀንህ አለቀ። ይህን ሳያውቁ ስንቱ መሣሪያውን አበላሽቷል መሰለህ።

ኦሪን፦ የባለቤትህ የማቪስ የከንፈር ቅባት አይሆንም?

ዴልማር፦ የከንፈር ቅባትማ ሌላ ነው። የከንፈር ቅባት ሰም አለው። ሰም ደግሞ...

(ስለ ሰም ያወራል፤ ከሰም ወደ ንብ፣ ከንብ ወደ አሜከላ አበባ ይሄዳል። እጁ ግን ሥራውን አላቆመም፤ ቅባት ያልነካው ቀለሃ አንስቶ መጭመቂያው ውስጥ ከተተና እጀታውን ተጫነው። እጀታው ወርዶ ቀረ።)

ኦሪን፦ ምን ሆነ?

ዴልማር፦ ምንም። እያረፈ ነው።

(ሁለቱም እጀታውን ይዘው ወደ ላይ ይጎትታሉ። ጠረጴዛው ጮኸ፤ ግድግዳው ተነቃነቀ፤ የተሰቀለው አካፋ ወድቆ የዴልማርን ትከሻ መታው።)

ኦሪን፦ ቤቱ ግን ይዟል።

(ቀለሃው እስኪወጣ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የቀሩትን አስራ ዘጠኙን ቀብተው፣ ጨምቀው፣ መለኮሻቸውን እስኪገጥሙ ዴልማር ስለ ቅባት አንድም ቃል አልተነፈሰም። በመጨረሻ የባሩዱን ዕቃ አንስቶ ባሩድ ከሚለካበት ትንሽ ሚዛን አጠገብ አስቀመጠው። ክዳኑ ገና አልተከፈተም።)

ዴልማር፦ ዋናው ይሄ ነው። ባሩድ ቀልድ አያውቅም። ይህ ሚዛን በትንፋሽ ይነቃነቃል፤ እንዳታወራ፣ እንዳትተነፍስም።

(ኦሪን ጉንጩን ነፍቶ ትንፋሹን ያዘ። ትንሽ ቆይቶ እጁን አወጣ። ዴልማር ያላየ ለመምሰል ሞከረ። ግን ያልተመለሰ ጥያቄ ለእሱ የጥርስ ሕመም ነው፤ አያስችለውም።)

ዴልማር፦ እሺ፣ ጠይቅ።

ኦሪን፦ (ተንፍሶ) ረሳሁት።

ዴልማር፦ አስታውሰው።

ኦሪን፦ ስለ ባሩድ ነበር።

ዴልማር፦ ምኑን? እርጥበት ይጠጣል ወይ ነው? ቀለሙ ነው? ከምን ይሠራል ነው? ማን ፈለሰፈው ነው?

ኦሪን፦ ከእነሱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

(ዴልማር የትኛው እንደሆነ ስላላወቀ ሁሉንም መለሰ። ሲጨርስ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ጎህ ሲቀድ አደኑ ቦታ ለመድረስ ማምሻውን መነሳት አለበት፤ ከተማው ውስጥ ያለው ብቸኛ የጥይት ሱቅ ከተዘጋ ቆይቷል። ዴልማር ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። አልቅስ አልቅስ አለው።)

ዴልማር፦ አስራ አንድ ዓመት፣ ኦሪን። አስራ አንድ ዓመት እጣ ሞልቼ፣ ነገ አጋዘኑ ፊት ባዶ ጠመንጃ ይዤ ልቆም ነው። አንድ ጥይት እንኳ አልሠራሁም።

ኦሪን፦ (ከካፖርቱ ኪስ አንድ ካርቶን አውጥቶ) እንካ። ሃያ ጥይት፣ በጠመንጃህ ልክ።

ዴልማር፦ ይሄ የሱቅ ነው።

ኦሪን፦ የሱቅ ነው። ማቪስ ትናንት ገዝታ ሰጠችኝ። «የውሃ ማሞቂያውን ራሴ እጠግናለሁ ያለ ጊዜ ማሞቂያው ጣሪያ በስቶ ወጣ፤ አሁን ደግሞ ባሩድ ገዝቶ መጣ። እባክህ ኦሪን፣ ሳይከፍተው አስመሽልኝ» አለችኝ።

ዴልማር፦ ታዲያ ለምን አልከለከላችሁኝም?

ኦሪን፦ «ከከለከልከው እልህ ይይዘዋል፤ ዝም ብለህ ጠይቀው» አለች። «ጥያቄ ካገኘ ሥራ ይፈታል።» አብዛኛውን ጥያቄ ያወጣችው እሷ ናት። የቤቱ ግን የራሴ ነው።

(ዴልማር ፊቱ ቀላ። አፈረም፣ ተናደደም፤ ካርቶኑን ግን ከእጁ አልለቀቀም።)

ዴልማር፦ ለመሆኑ አንተ ጥይት ስለ መሙላት ምን ታውቃለህ?

ኦሪን፦ አባቴ በዘጠኝ ዓመቴ አስተማረኝ። ይኸው ሃምሳ ዓመት ሙሉ በየክረምቱ እሞላለሁ።

ዴልማር፦ እንዲያ ከሆነ የራስህን አትሰጠኝም ነበር?

ኦሪን፦ ሌላ ሰው በእጁ የሞላውን ጥይት ማንም በራሱ ጠመንጃ አይተኩስም፤ ባሩዱ በዝቶ ከሆነ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ይፈነዳል። የሚሞላ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ይሄንኑ ነው።

(ዴልማር ይህን ሰምቶት አያውቅም ነበር።)

ዴልማር፦ ሃያ ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር፣ ይህን ሁሉ እያወቅህ አንድ ቀን ትንፍሽ አላልክም። ለምንድነው?

ኦሪን፦ አልጠየቅከኝማ።