የአዴ ጫልቱ ጀሪካን እና የናቲ ጥያቄ ምልክት

ስልክ እወዳለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምለውን አንብባችሁ «ይቺ ሴትዮ ዘመኑ ያመለጣት ናት» እንዳትሉኝ ነው። አላመለጠኝም። ቡራዩ፣ እኛ ሰፈር፣ ስልኩ አልታዘዝ ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። ዋይፋይ እምቢ ሲል ሮማን፣ የይለፍ ቃል ሲጠፋ ሮማን፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ በቪዲዮ ሲደውል ፊቱ ተገልብጦ ከታየም ሮማን። አዲስ ሶፍትዌር ሲወጣ ምን እንደተለወጠ የሚያስረዳውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች የማነብ ሰው ነኝ። የባለቤቴ ወንድም ይህን «በሽታ» ይለዋል።

ይኸው የባለቤቴ ወንድም ስልኬን ባየ ቁጥር ይስቅብኛል። ጥጉ ተሰነጣጥቋል፣ ባትሪው ተቀይሯል፣ ጀርባው በማስቲሽ ነው የተያዘው። «የቴክኖሎጂ ሰው ነኝ እያልሽ ይህን ይዘሽ አታፍሪም?» ይለኛል። አላፍርም! ስልክ መውደድ ሌላ፣ ስልክ መግዛት መውደድ ሌላ። እሱ በየጊዜው አዲስ ይገዛል፤ ፎቶ ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ሲፈልግ ግን ወደ እኔ ይመጣል።

ሌሎች አቋሞችም አሉኝ። ብርሃን እንዲያበራልኝ ብቻ የጫንኩት አፕ የዘመዶቼን ቁጥር ልይ ካለኝ ወዲያው አባርረዋለሁ። በጨለማ በዳበሳ እሄዳለሁ እንጂ የአክስቴን ቁጥር አሳልፌ አልሰጥም። አማርኛንም በፊደሉ እጽፋለሁ። ባለፈው አንዲት ጓደኛዬ ስለ ባሏ በላቲን ፊደል የጻፈችልኝን ቃል «ማታ» ልበለው «መታ» መወሰን አቅቶኝ ወዲያው ደወልኩላት። ማታ ይመጣል ማለቷ ነበር። ተመስገን።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን አጫጭሩ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮ ማጠሩን አልቃወምም፤ የምቃወመው ሰው አውራ ጣቱን ከአእምሮው አስቀድሞ መላኩን ነው። ይህን ስናገር «አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ» የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ ካካበድኩም ላካብድ። አዴ ጫልቱ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁና ፍረዱ።

አዴ ጫልቱ ከገፈርሳ ግድብ ማዶ ካለው መንደር ናቸው። «አዴ» በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነውና በሰፈራችን አማርኛ ተናጋሪውም፣ ከወላይታ የመጣውም፣ ባለሱቁ ሐጂም እንደዚያው ይጠራቸዋል። መተዳደሪያቸው ላሞቻቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ወተት የሞላ ቢጫ ጀሪካን በጋቢ ጠቅልለው በሚኒባስ ይመጡና በየበሩ «አካም ቡልተን!»፣ እንዴት አደራችሁ፣ እያሉ ያዞራሉ። የያዙት ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። ይደውላል፣ ይነሳል፣ አለቀ።

ናቲ የሚባለው ወጣት ደግሞ ከእኛ ቤት ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ለድምፅ ይጠቅማል ብሎ ግድግዳውን በሙሉ የእንቁላል ካርቶን ለጥፎበታል፤ መሀል ላይ ክብ መብራት አቁሟል። ተከታዮቹ ብዙ ናቸው። የሚሠራቸው ቪዲዮዎች ቀልድ፣ ወሬ፣ አንዳንዴም «ጉድ» የሚል ርዕስ ያላቸው ናቸው። ካሜራ አያያዙ ጎበዝ እንደሆነ አልክድም።

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ናቲ አንዲት አጭር ቪዲዮ ለቀቀ። አዴ ጫልቱ ሚኒባስ መቆሚያው አጠገብ ካለው ቦኖ ስር ቆመው ቢጫውን ጀሪካን ከፍተው ውሃ ይጨምሩበታል። ይኸው ነው። ከጀርባው የሚያሽካካ የሳቅ ድምፅ አለው፤ ከላዩ ላይ ደግሞ በትልቁ «የምንጠጣው ወተት ይህ ነው???» ተብሎ ተጽፏል።

ቪዲዮውን ወደ ሰፈሩ ግሩፕ ያመጣችው ጎረቤቴ አስናቀች ናት። «ጉድ በሉ!» ብላ ለጠፈችው። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ግሩፑ ነደደ። ልጆቿን በዚያው ወተት ያሳደገች ሴት «እኔ ድሮም እጠረጥር ነበር» አለች። ሌላዋ ያለፈው ክረምት የሆድ ሕመሟን ምንጭ አገኘችው። እኔም «ቪዲዮው ተቆርጧል፤ ሙሉውን ሳናይ አንፍረድ» ብዬ ጻፍኩ። አንዷ የሚያዛጋ ፊት ላከችልኝ። ወዲያው ሌላዋ ሽንኩርት የት እንደረከሰ ጠየቀችና የአንድ ሰው ስም እዚያው ተቀብሮ ወሬው ወደ ሽንኩርት ዞረ።

በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር ቤት ነበርኩ። «አካም ቡልተን!» የሚለውን የአዴ ጫልቱን ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ሰማሁት። መልስ የለም። ቀጣዩ በር ላይ ደገሙት። መልስ የለም። አስናቀች በር ላይ ሲደርሱ የመስኮቱ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አየሁ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ሮጬ ወጣሁ።

«ሮማን» አሉኝ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጠው፣ «ሰዉ የት ሄደ? ለቅሶ አለ እንዴ?»

ምን እላለሁ? ወደ ግቢ አስገባኋቸውና ቪዲዮውን አሳየኋቸው። መጀመሪያ ራሳቸውን በስልክ ማየታቸው ደስ አሰኛቸው። ከዚያ ከላይ የተጻፈውን አነበብኩላቸው። ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ።

«ድገሚው።»

ደገምኩት።

«ቀጥሎስ?»

«ይኸው ነው። አለቀ።»

«እንዴት ያልቃል? ገና አጥቤ አልደፋሁትም እኮ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወተቱን ሸጠው ሲጨርሱ ባዶውን ጀሪካን ቦኖው ላይ ያለቀልቁታል። ካላለቀለቁት ሲመለሱ ይሸታል፣ የሚኒባሱ ረዳትም ይቆጣል። እኔ በበኩሌ የማውቀውን መፍትሔ አቀረብኩ። ቪዲዮው እንዲወርድ ሪፖርት አደርጋለሁ፣ ሰው አስተባብራለሁ፣ እናስጠፋዋለን አልኳቸው።

«ለምን ይጠፋል?» አሉ። «ቢጠፋ ጫልቱ አስጠፋችው ነው የሚሉት። አይጥፋ። የቀረውን ይጨምርበት።»

እኔ፣ ስንት ሰው የማማክረው፣ ይህ አልታየኝም ነበር። ጀሪካኑን አንድ ጎን እሳቸው፣ አንድ ጎን እኔ ይዘን ወደ ናቲ ሄድን።

ናቲ በር ሲከፍት ፀጉሩን ተቀብቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ ነበር። ቅዳሜ ረፋድ የቀጥታ ስርጭት አለው። አዴ ጫልቱን ሲያይ ክው አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሮሚዬ፣ አንቺ እንኳን ቴክኖሎጂ የሚገባሽ ሰው ነሽ። ይሄ ኮንቴንት ነው፤ በቃ፣ ኮንቴንት።»

«ስለሚገባኝ ነው የመጣሁት። ሙሉው የታለ?»

«የለም፣ አጥፍቼዋለሁ።»

«የጠፉ ቪዲዮዎች የሚቆዩበትን ክፈት። ስልክህ ያጠፋኸውን ወዲያው እንደማይጥለው አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።»

ቀስ ብሎ ከፈተው። እዚያው ነበር። አዴ ጫልቱ ባዶውን ጀሪካን ዘቅዝቀው ያራግፉታል፣ ውሃ ይጨምሩበታል፣ ክዳኑን ገጥመው ይንጡታል፣ ቦዩ ውስጥ ይደፉታል፣ ይደግሙታል፣ ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ሚኒባሱ ይሄዳሉ። ከፊትም ከኋላም ተቆርጦ መሀሉ ብቻ ነበር የወጣው።

«እኔኮ ቀላቀሉ አላልኩም» አለ ናቲ፣ መሬት መሬት እያየ። «ጥያቄ ምልክት ነው ያደረግኩት።»

አዴ ጫልቱ ረጋ ብለው አዩት። «ጥያቄ ከሆነ ለምን እኔን አልጠየቅከኝም? አጠገብህ ቆሜ ነበር።»

ናቲ ፀጉሩን መነካካት ያዘ። ከዚያ ሙሉውን ቢለቅ ማንም እንደማያየው፣ ማስተባበያ ገጽን እንደሚገድል፣ የሰው ትዕግሥት እንዳጠረ ያስረዳን ጀመር። እኔም ሥራ ላይ ብጠቀምበት ከሥራ የሚያስባርረኝን ቃል ተናገርኩት። በዚህ መሀል አዴ ጫልቱ ምንም ሳይሉ ክብ መብራቱ ፊት ያለችው ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ። ጀሪካኑን እግራቸው ስር አደረጉ።

«እማማ፣ ይነሱልኝ፣ ስርጭት ልጀምር ነው» አለ ናቲ። «ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«እኔንም ሰው ይጠብቀኝ ነበር፤ በር ዘጋብኝ። ጀምር።»

«እማማ፣ በፈጣሪ! ብዙ ሕዝብ ነው፣ ይሳደባሉ…»

«አኒ ሂን ሶዳዱ!» አሉ። «አልፈራም አልኩህ! ክፈተው።»

ክፍሉ ሌላ ወንበር፣ ሌላ ጥግ የለውም። ናቲ ወደ እኔ አየ፤ እኔ የእንቁላል ካርቶኑን አየሁ። ሰዓቱ ደረሰ። ከፈተው።

አስተያየቱ እንደ ጎርፍ ወረደ። «ሴትዮዋ ናት!» «ውሃ ሻጯ!» እያልኩ እኔ ከጎን ሆኜ አነበብኩላቸው፤ አንዱንም አልደበቅኳቸውም፣ አትደብቂኝ ብለዋላ። አዴ ጫልቱ ካሜራውን ትክ ብለው አዩና ተናገሩ።

«እኔ ጫልቱ ነኝ። አዎ፣ ውሃ ጨምሬያለሁ። ባዶ ጀሪካን ውስጥ ነው የጨመርኩት። አጥቤ ደፍቼዋለሁ። እናንተ ወተት የምትይዙት ባልታጠበ ዕቃ ነው?»

ጎርፉ ቀጥ አለ። ናቲ ላቡን እየጠረገ ሙሉውን ቪዲዮ አሳየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ «ለተፈጠረው አለመግባባት ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ።

«አለመግባባት አይደለም» አሉት። «ተግባብተናል። ቆርጠኸዋል።»

ፊቱ ቀላ። «ቆርጬዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ይህኛው የእውነቱን መሰለኝ፤ ፀጉሩን መነካካት ረስቶ ነበር።

ወደ መንገድ ስንወጣ በሮች እየተከፈቱ ነበር። ሰዎች ዕቃ ይዘው ወጡ፣ እየተሽኮረመሙ ሰላም አሉ፣ ወተቱም ሳይበላሽ አለቀ። አስናቀች ግን አልወጣችም። በምትኩ ግሩፑ ላይ ሁለት እጆች የተጋጠሙበትን ምልክት ለጠፈች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ አዴ ጫልቱ ሳሳያቸው።

«ይቅርታ ማለቷ ነው።»

«አፏን አሟታል እንዴ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አዴ ጫልቱ አስናቀች በር ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው ያልፉ ጀመር። ቁጣ የለም፣ ስድብ የለም፤ አካም ቡልተንም የለም። አስናቀች መጀመሪያ «ኩራት ነው» አለች። ቀጥሎ የፓኬት ወተት ገዛች፤ ልጇ አልጠጣም አለ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዕቃውን ይዞ ቆሞ ሳለ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

«አዴ ጫልቱ፣ ሳላጣራ ስምዎን አጠፋሁ። ይቅር ይበሉኝ።» ለጣት ቀላል የሆነው ለአፍ እንዲህ ይከብዳል።

«ይቅር ብያለሁ» አሉ። «ዕቃ አምጪ።»

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን አንድ የማናውቀው ገጽ ከዚያው ስርጭት ውስጥ «እኔ ጫልቱ ነኝ። አዎ፣ ውሃ ጨምሬያለሁ» የምትለዋን ቦታ ብቻ ቆርጦ አወጣት። ከመጀመሪያው በላይ ተሠራጨች። ሙሉውንማ ናቲ እንዳለው ያየው ጥቂት ሰው ነው፤ በዚህ በዚህ ልጁ ልክ ነበር። እኔ በንዴት ልፈነዳ ደርሼ ስነግራቸው አዴ ጫልቱ ወተት መቅዳታቸውን እንኳ አላቆሙም። «ማነው የሚያየው?» አሉኝ። አገሩ ሁሉ አልኳቸው። «አገሩ ሁሉ ከእኔ ወተት አይገዛም» ብለው ወደ ቀጣዩ በር ሄዱ።

እሳቸው ተዉት። እኔ ግን አልተውኩትም፤ ልተወውም አላሰብኩም። የምሠራው ሰበታ ነው። ሰሞኑን ከአየር ጤና በያዝኩት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ከረባት ያሰረ ሰው ያቺኑ ቪዲዮ እያየ ሳቀና ስልኩን ወደ እኔ አዞረ።

«አየሽ? በራሷ አፍ አመነች!»

«ተቆርጦ ነው። ሴትዮዋን አውቃቸዋለሁ» አልኩት።

«በዓይኔ እያየሁ?»

ሙሉውን ላሳየው ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርኩ ደከመ። ያቺ ክብ ምልክት ዞረች፣ ዞረች። ሰውየው ለአንድ ሞኝ የሚታዘን ያህል አዘነልኝ። «ተይው እህቴ፣ ዘመድሽ ብትሆን ነው» አለ።

«አዎ፣ ዘመዴ ናቸው» አልኩት።

ሰውየው አለም ገና ላይ ወረደ። እኔ ሰበታ ድረስ ገና መንገድ ይቀረኛል፣ ሥራም ረፍዶብኛል። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል ሙሉው ቪዲዮ ስልኬ ላይ ተከፈተ። ሰውየውን በመስኮት አየሁት፤ አስፋልቱን ሊሻገር ቆሟል።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።