የመልአኩ አፍንጫ

የቤል ክሪክ ከተማ ምክር ቤት ሕግ አክባሪ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ባልረግጥም ይህን አውቃለሁ፤ ባሌን ሉሺየስ ፔቲግሩን የቀበሩት በሕግ ነው፣ ያውም በቁሙ።

ሉሺየስ ቤዝቦል ተጫዋች ነበር። ሰኞ ሰኞ፣ ነጮቹ ሜዳቸውን በማይፈልጉበት ቀን፣ የኛ የጥቁሮቹ ቡድን ይጫወትበታል። በዚህ ጨዋታ ኳስ በዱላ መትቶ ከአጥር ያሻገረ ጀግና ነው። ከኛ አጥር ማዶ ግን ያለው የነጮች መቃብር ነው። አንድ ሰኞ የሉሺየስ ኳስ በርራ ሄዳ፣ በምክር ቤቱ ሊቀ መንበር በሚስተር ክራንፎርድ አባት መቃብር ላይ የቆመውን የእብነ በረድ መልአክ አፍንጫውን ገነጠለችው።

ምክር ቤቱ በነጋታው ተሰበሰበ። አዳራሹን የማጸዳው እኔ ነበርኩና መጥረጊያዬን ተደግፌ ሰማሁ።

«እዚያ መቃብር ጥቁር አይገባም» አለ ክራንፎርድ።

«ኳሷ እኮ ነጭ ናት» አለ አንዱ።

«የላካትስ ማነው?»

ሁሉም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ጥቁር የመታት ኳስ አጥሩን ከተሻገረች፣ ነጥቡ ይቅርና መቺው ራሱ ከተራው እንዲወጣ ተወሰነ። የሰኞዋም ኳስ ከመዝገብ ተሰረዘች። አፍንጫው ደግሞ ለሕጉ ማስረጃ ይሆን ዘንድ ሳይጠገን እንዲቆይ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ።

አሰልጣኙ ለመነው። «ሉሽ ወንድሜ፣ በጌታ ይዤሃለሁ፣ ትንሽ ዝቅ አድርገህ ምታ!»

«ዝቅ ማለቱን አንተ በልልኝ፤ እኔ ወገቤን ያመኛል» አለው።

አሥራ አንድ ዓመት አሻገረ፤ አሥራ አንድ ዓመት አስወጡት።

ዘንድሮ ከተማው ለታላላቅ ተጫዋቾች የስም ግድግዳ ሠራ። ነጭም ጥቁርም ባንድ ላይ፤ ዘመኑ ተለውጧላ። ሉሺየስ ሊሠራ መሆኑን ሰምቶ ኖሮ፣ ባለፈው ክረምት ሲሞት የተመኘው ይህንኑ ነበር፣ ስሙ እዚያ እንዲጻፍ። የክራንፎርድ የልጅ ልጅ፣ የዛሬው ሊቀ መንበር፣ ወረቀት ይዞ በረንዳዬ ድረስ መጣ። አያቱ በስሜ «አንቺ ኮራ!» እያለ ነበር የሚጠራኝ፤ ይኸኛው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ወይዘሮ ፔቲግሩ፣ በጣም አዝናለሁ። መዝገቡን አገላበጥን። ባለቤትዎ ከአጥር ያሻገሩት ኳስ ብዛት ዜሮ ነው።»

«ዜሮ ያደረገው አያትህ አይደለም እንዴ?»

«የተጻፈ ነገር ነዋ፣ እማማ። ማስረጃ ቢኖርማ ደስ ባለን።»

«አለ እንጂ! ሂድና ቅድመ አያትህ መቃብር ላይ የቆመውን መልአክ እየው። እኔ ያልተማርኩት ያነበብኩትን አፍንጫ፣ አንተ ዩኒቨርሲቲ የጨረስከው ማንበብ ያቅትሃል?»

አመስግኖኝ ሄደ።

ምክር ቤታችን ቀርፋፋ ነው የሚል ሐሜተኛ ሞልቷል። ሐሰት ነው። ሃምሳ ዓመት ያልተነካው አፍንጫ በሳምንቱ ተጠገነ፤ ግድግዳውም ያለ ሉሺየስ ተመረቀ።

ብቻ አዲሱ እብነ በረድ ከአሮጌው ፊት ይልቅ ነጥቶ፣ ከአውራ ጎዳናው ሳይቀር ይታያል። መንገደኛው ሁሉ «መልአኩ አፍንጫውን ምን ሆኖ ነው?» እያለ ይጠይቃል። እኔም በረንዳዬ ላይ ነኝ፤ ሥራም የለኝ፤ እነግረዋለሁ።