አሜን የቆረጠው ኤዲተር

የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ድካሙ እስካሁን አልለቀቀኝም። የእኛው የቆቦ ሰው ነው። ሁለት ምስሎች እንዲሁ ተከታትለው ሲመጡ ካየ ያመዋል። በመካከላቸው የሆነ ነገር መሽከርከር፣ መቅለጥ ወይም አበባ መበተን አለበት። ይህን "ትራንዚሽን" ይለዋል።

የእህቴን ሠርግ ሮቢት ላይ ቀረጸልን። ቪዲዮው ሲመጣ ሙሽራዋ ገና ከመኪና ሳትወርድ ሦስት ጊዜ የልብ ቅርጽ ሆና ፈነዳች። ይሁን፣ ቻልነው። ከዚያ አባቴ ሊመርቅ ተነሣ። "ውለዱ፣ ክበዱ" ከማለቱ ፊቱ ተሽከረከረ። "እህል ውሃችሁ ይባረክ" ሲል ደግሞ አበባ ሆነ። "አሜን" የሚል ግን የለም! ያ ሁሉ ዘመድ አፉ ተለጉሞ ነበር እንዴ?

ኤዲተሩ ዘንድ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ አባትዎ በየመሃሉ ዝም ሲሉ ሰዉ ይንጫጫብኛል፤ እሱን ቆርጬ በትራንዚሽን አለሰለስኩት" አለኝ።

"ያልተቆረጠውስ?"

"ቦታ ሲይዝብኝ አጠፋሁት።"

ዳግም አስመርቀን እንዳንቀርጸው፣ አባቴ በዚያው ክረምት አረፈ። እናቴ ግን ቪዲዮው በተከፈተ ቁጥር የአባቴ ፊት መሽከርከር ሲጀምር ነጠላዋን ታስተካክልና፣ በዚያ ሁሉ ዘመድ ፈንታ ብቻዋን "አሜን" ትላለች።