ጥግ ላይ ያለችውን ምስል አላጠፋም!

ዕቃ ገዝቶ መመሪያውን የሚያነብ ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። በእኛ ዘንድ መመሪያ የሚነበበው ዕቃው ከተሰበረ በኋላ ነው፤ ያውም ጥፋቱ የፋብሪካው መሆኑን ለማረጋገጥ። ሳይጠይቅ የጀመረ ጎበዝ ይባላል፤ ጠይቆ የጀመረ ፈዛዛ። እኔ እንግዲህ በገዛ ፈቃዴ ከፈዛዞቹ ወገን ነኝ። ለዚህ አቋሜም ጅቡቲ ላይ፣ በሐምሌ ሙቀት፣ ከባድ መስዋዕትነት ከፍያለሁ።

የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ወደብ ላይ የጭነት ተራ ስንጠብቅ ሃያብለ የሚባል ሰፈር ውስጥ ማዘር ሐዋ የምንላቸው ሶማሊ ሴትዮ ቤት እናርፋለን። አማርኛን የተማሩት ከሹፌር ስለሆነ ሲመርቁም ሲቆጡም ድምፃቸው አንድ ነው። ቤታቸው ውስጥ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ቬንቲሌተር አለ። ቬንቲሌተሩ የሚደርሰው ለአንዲት ፍራሽ ብቻ ነው፤ የቀረነው ሲነፍስ በዓይናችን እናያለን። ከቀትር በኋላ ከተማው በሙሉ ይዘጋል፤ ሜኔሊክ አደባባይ ያሉት ሱቆች እንኳ በራቸውን ጎትተው ይተኛሉ። በዚያ ሰዓት ያልተኛ ሹፌር ማታ መሪ መያዝ አይችልም። ታዲያ ፍራሿ ለማን ትሁን? ጠብ እንዳይነሳ ሕግ አወጣን፦ በጌም ፍፁም ቅጣት ምት ያሸነፈ ይተኛባታል።

ኮምፒውተሩ የኔ ነው። አዳማ ያለ ኮምፒውተር ጠጋኝ በልጅነታችን በካሴት እንጫወታቸው የነበሩትን ጌሞች ኢሙሌተር በሚባል ፕሮግራም ጭኖልኛል። ኮምፒውተሩን ከማዘር ሐዋ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝተን፣ በሁለት ጆይስቲክ እንጋጠማለን። ጆይስቲኮቹ ግን አሮጌ ናቸው፤ ቁልፎቹ ላይ የነበረውን ምልክት አውራ ጣት በልቶታል። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ማን ያስታውሳል? ጠጋኙ አዘነልኝና ስክሪኑ ጥግ ላይ የጆይስቲኬን ምስል አስቀመጠልኝ። በየቁልፉ አጠገብ ሥራው ተጽፏል፦ ይሄ ወደ ግራ ይመታል፣ ይሄ ወደ ቀኝ፣ ይሄ መሀል። ቁልፉን ስትጫን ደግሞ ምስሏ ላይ ቀይ ይበራል። ከዚህ በላይ ሥልጣኔ አለ?

ይህን ሥልጣኔ የጠላ ሰው ደረጀ ብቻ ነበር። ደረጀ ትራንዚተር ነው፤ የጉምሩክ ወረቀት ያስጨርስልናል፤ ቀትሩን እኛው ዘንድ ያሳልፋል፤ በፈረንሳይኛ «ሳ ቫ» ሳይል ውሃ አይጠጣም። መጀመሪያ ምስሏን ያየ ቀን፣ «ምንድን ናት ይቺ? ፊደል ልትቆጥር ነው እንዴ ታሜ? አጥፋት ባክህ፣ ሰው ቢያይ ያፍርብናል» አለኝ። ደሜ ፈላ። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ምልክት ቆሟል፤ እሱን አይቶ ፍጥነት የቀነሰ ሹፌር መንዳት አይችልም ይባላል? ያለ ምልክት እነዳለን ያሉት ገደል ውስጥ ናቸው፤ ከፈለግህ ወርደህ አድንቃቸው አልኩት። አላጠፋም! እንኳን ለትራንዚተር ለጉምሩክ ኃላፊም አላጠፋም!

እሱም አልተወኝም። በየቀኑ «አጥፋት» ይላል፣ በየቀኑ «አላጠፋም» እላለሁ፣ በየቀኑ ያሸንፈኛል። ምቱ የሚመታው እንዲህ ነው፦ ቁልፉን ተጭነህ ትይዛለህ፣ ስትለቀው ኳሷ ትሄዳለች። ወደ ግራ ስመታ ግራ ተወርውሮ ይይዛታል። ወደ ቀኝ ስመታ ቀኝ ነው። መሀል ስሞክር እንደ ቤት ዘበኛ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከዚያ ፍራሿ ላይ ተዘርግቶ ያንኮራፋል፤ እኔ በሩ ሥር ላቤን እጠርጋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ጠንቋይ ቤት ሳይሄድ አልቀረም ብዬ ጠርጥሬ ነበር።

አንድ ቀን ጭነቴ ደረሰ። ማዳበሪያ ጭኜ ማታውኑ ልወጣ ነው። ያን ቀን ፍራሿ ለኔ ቅንጦት አልነበረችም፤ እንቅልፍ እያዳፋው ተሳቢ የሚነዳ ሰው የሚገድለው ራሱን ብቻ አይደለም። ደረጀን ዛሬን ተውልኝ ብዬ ብለምነው ሕግ ሕግ ነው አለኝ። እሺ፣ እንጋጠም! ተቀመጥን። ማዘር ሐዋ ያጠቡትን ሽርጥ ቬንቲሌተሩ እንዲያደርቅላቸው ቴሌቪዥኑ ጫፍ ላይ አንጠልጥለውት ምስሏ ተሸፍናለች። ላነሳው ስል ደረጀ ቀደመኝ። ከመቀመጫው ዘሎ ሽርጡን ገለጠና፣ «ምስልህን ሸፈነብህ እኮ ታሜ» አለኝ፣ እናቴ እንኳ በማታውቀው ርኅራኄ።

ጆይስቲኩን አስቀመጥኩ። ይሄ ሰውዬ ከመቼ ወዲህ ነው ለምስሌ ያሰበው? ዞር ብዬ ምስሏን አየሁ፣ ጆይስቲኩን መልሼ አነሳሁና አንዱን ቁልፍ ተጫንኩ። ቀይ በራች። ወደ የት እንደምመታ ገና ኳሷ ሳትነሳ በገዛ ስክሪኔ አውጄለታለሁ! የሱ ጆይስቲክ ደግሞ ምስል የለውም። «ደረጀ፣ ይቺን ስታይ ነው የኖርከው?» አልኩት። ሳቁን መያዝ አቃተው። ታዲያ ለምን አጥፋት አጥፋት ትለኝ ነበር ብዬ ስጠይቀው፣ «አላውቅህም እንዴ? ተዋት ብልህ ኖሮ በዚያው ቀን ታጠፋት ነበር» አለኝ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይሄ ነው።

ቤቱ በአንድ አፍ ተነሳብኝ። ማዘር ሐዋ፣ «ወላሂ ታምሩ፣ አጥፋና አሸንፈህ ተኛ! መንገደኛ አይደለህም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ሁሉም አጥፋ ሲለኝ እንዴት አድርጌ ላጥፋ? ይህን ሁሉ ቀን ላብ የከፈልኩባትን! ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ «አላጠፋም» አልኩ። ደረጀ ደስ አለው። ገና ሳንጀምር ፍራሿ ላይ ጋደም ብሎ ቬንቲሌተሩን ወደ ራሱ አዞረና፣ «ጎበዝ! ወንድ ማለት እንዲህ ነው። እንዳታጠፋት!» አለኝ።

እንዳታጠፋት? እኔን ማን ያዛል? እዚያው አጠፋኋት።

ተጋጠምን። ደረጀ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቢያፈጥ ምንም የለም፤ ፊቴን ቢያይ ፊቴ ላይ ቀይ አይበራም። ግራ ሲወረወር ኳሷ በቀኝ ገባች፣ ቀኝ ሲወረወር በመሀል። ከንዴቱ ብዛት የራሱን ኳስ ወደ ሰማይ ላካት፤ አለቀ። ከፍራሿ ላይ እየተነሳ የምመታበትን እንዴት እንደደበቅኩት እንድነግረው ደጋግሞ ለመነኝ። ቬንቲሌተሩን ወደ ራሴ አዞርኩና በኩራት ተጋደምኩ። ምን ልበለው? ቁልፎቹን ያለ ምስሏ አላውቃቸውም፤ ወደ የት እንደመታሁ እኔም የማውቀው ኳሷ መረብ ውስጥ ከገባች በኋላ ነበር።